ናሙና ሃያ ሦስት

የካቲት 11 ቀን 2017፣ ነቀምቴ

ዛሬ ሃያ ሦስተኛዋ ተሳታፊ መጡ። አዴ ድርቤ ይባላሉ፤ አዴ በኦሮምኛ እናት እንደማለት ነው፤ ከጉቶ ጊዳ ገጠር ናቸው፣ አርባ ስምንት ዓመታቸው። ሁለቱም ኩላሊታቸው ውስጥ ትናንሽ ጠጠር በአልትራሳውንድ ታይቷል። የሃያ አራት ሰዓት ሽንታቸውን በሰጠናቸው ቢጫ ጀሪካን አጠራቅመው፣ በነጠላ ሸፍነው፣ በባጃጅ ታቅፈውት መጡ። ሾፌሩ «እናቴ፣ ጠላው እንዳይፈስብኝ አደራ» አላቸው አሉ። «እኛ ጴንጤዎች ነን፣ ጠላ አንይዝም አልኩት። ታዲያ ምንድን ነው ሲለኝ ዝም!» ብለው ሲስቁ ጎናቸውን ያዙ። ሲስቁም ያማቸዋል።

ልጃቸው ሜቲ አብራቸው ነበረች። እዚሁ ጨለለቂ ትምህርት ቤት ታስተምራለች።

የስምምነት ቅጹን አነበብኩላቸው። የታተመው በአማርኛ ብቻ ነው። የኦሮምኛውን ዶክተር በርናባስ «ይደርሳል» ካሉ ሁለት ወር አለፈ። የኮሌጃችንን ጥናት የሚመሩት እሳቸው፣ የመመረቂያ ጽሑፌን የሚያርሙትም እሳቸው ስለሆኑ ደጋግሜ አልጠየቅኩም። እየተረጎምኩ አነበብኩ። ከኋላ ሰልፍ ስለነበር ሦስተኛውን ገጽ በአጭሩ አለፍኩት። አዴ ድርቤ አሻራቸውን አደረጉ።

«ሽንቴን ምን ልታደርጉት ነው፣ ኢንተላ ኮ?» አሉኝ። ልጄ ማለታቸው ነው።

ግማሹን በአማርኛ፣ ግማሹን በኦሮምኛ አስረዳኋቸው። በጤነኛ ሽንት ውስጥም ጥቂት ፕሮቲን አለ። የጠጠር ፍሬዎች ገና ደቃቅ ሳሉ ይሸፍናቸዋል፤ እርስ በርስ እንዳይያያዙና ኩላሊት ላይ እንዳይለጠፉ ያደርጋል። ኩላሊት ሲቆስል ግን ሕዋሱ ውስጥ ብረት እንደሚዝገው ዓይነት ጉዳት ይደርሳል። ያ ጉዳት ፕሮቲኑንም ያበላሸዋል። የተበላሸ ፕሮቲን መከላከሉ ይቀርና ጭራሽ ፍሬዎቹን ያጣብቃቸዋል። እኛ የምንለካው ፕሮቲኑ ምን ያህል እንደሆነና ጉዳቱ ምን ያህል እንደሄደ ነው።

«ዘበኛው ራሱ ሌባ ሆነ በይኛ!» አሉ።

ዘጠኝ ዓመት ላብራቶሪ ውስጥ ስሠራ እንዲህ አሳጥሮ የነገረኝ የለም።

ሜቲ ስትወጣ «ውጤቱ መቼ ይደርሳል?» አለችኝ። «ትንሽ ይቆያል» አልኳት።

የካቲት 20

የሃያ ሦስት ውጤት ወጣ። ስህተት መስሎኝ ደገምኩት። ሦስተኛ ጊዜም ሠራሁት።

በቀን ከ150 ሚሊግራም ማለፍ የሌለበት ፕሮቲን 1,900። የጉዳቱ መለኪያም እስካሁን ከሠራናቸው ሁሉ የበለጠ። ይህ የጠጠር ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ ኩላሊታቸው እየተጎዳ ነው።

ነገ ለዶክተር በርናባስ እነግራቸዋለሁ።

የካቲት 21

ተናድጃለሁ። 

ወረቀቱን ሳሳያቸው ፊታቸው በራ። «ግሩም ነው! እንደዚህ ዓይነት ሦስት አራት ብናገኝ!» አሉ። «ዶክተር፣ ለሴትዮዋ መንገር ያለብን ይመስለኛል» አልኳቸው። መነጽራቸውን አወለቁ።

«ብፅዓት፣ ቅጹ ላይ ምን ይላል?»

«ውጤት ለተሳታፊ አይሰጥም።»

«ፈርመዋል?»

«አሻራ አድርገዋል።»

«ስለዚህ ምን ቀረ? እኛ ጥናት ነው የምንሠራው፣ ሕክምና አይደለም። ለአንዷ ከነገርሽ ለስልሳውም መንገር ሊኖርብሽ ነው። መድኃኒት ይቀይራሉ፣ ውሃ ይጨምራሉ፣ ሁለተኛው ዙር ናሙና ዋጋ ያጣል። እነሱ ለእኛ ናሙና ናቸው። ሐኪም አላቸው፣ እሱ ይከታተላቸው።»

ሐኪም አላቸው! አዴ ድርቤን የሚያየው ክሊኒክ «ጠጠሩ ትንሽ ነው፣ ውሃ ጠጪ» ብሎ የሕመም ማስታገሻ እየሰጠ ይመልሳቸዋል። በአንድ ወር ሦስት ጊዜ። መዝገቡን ራሴ አይቼዋለሁ።

የፕሮቲን ምርመራ እኮ አዲስ ግኝት አይደለም! የጉዳቱ መለኪያ ገና የጥናት ነው ቢሉኝ እስማማለሁ። ፕሮቲኑን ግን የትኛውም ጤና ጣቢያ ይለካዋል። ይህን ሁሉ ነገርኳቸው። ከዚያ «ሰኔ ላይ መመረቅ ትፈልጊያለሽ አይደል?» አሉኝ፣ በለስላሳ ድምፅ፣ እንደ አባት።

ወደ ሥራዬ ተመለስኩ። ሥርዓቱ ይህ ነው። ምን ላድርግ?

የካቲት 27

ጾሙ ከገባ አሥራ አንደኛ ቀን። ለእማዬ ስለ ዶክተር በርናባስ ነገርኳት፤ ሽሮዋን እያማሰለች ሰማችኝ። «አይ፣ እንዲህ ያለ ሰው! ሴትዮዋስ ስትነግሪያት ምን አለች?» አለችኝ።

ሥራ አለብኝ ብዬ ተነሣሁ።

መጋቢት 6

ገበያ ላይ ከሜቲ ጋር ተገጣጠምን። ጎመን የምትሸጠዋን ሴት በኦሮምኛ እየተከራከረች ነበር፤ ስታየኝ ትታት መጣች።

«አካም ጂርታ፣ ብፅዓት? ውጤቱ ደረሰ?»

«ገና ነው።»

«እናቴ እግሯ ማበጥ ጀምሯል። ክሊኒኩ በመርፌ የሚሰጥ ማስታገሻ አዘዘላት። ይሻላታል፣ ከዚያ ይመለስባታል።»

ማስታገሻው ዲክሎፌናክ ነው። ለእንዲህ ያለ ኩላሊት መርዝ ማለት ነው። ማንም ሦስተኛ ዓመት ተማሪ ያውቀዋል! ሰው እግሩ አብጦ ሲመጣ ሽንቱን አያዩም? ምን ዓይነት ክሊኒክ ነው? ፈቃድ ማን ሰጣቸው?

«ሌላ ሐኪም ብታሳዪያት ጥሩ ነው» አልኳት።

«ለምን? ያየሽው ነገር አለ?»

«አይ፣ እንዲሁ። እብጠት ጥሩ አይደለም።»

ጎመኑን ሳልገዛ ተመለስኩ።

መጋቢት 19

መብራት ከጠዋት ጀምሮ ጠፋ። ጄኔሬተሩ አልነሣ አለ። ዶክተር በርናባስ ኮታቸውን ጥለው ራሳቸው በሁለት እጃቸው ናሙናዎቹን ከማቀዝቀዣው ሲያወጡ ዋሉ። በሕይወቴ እንዲህ ሲሮጡ አይቻቸው አላውቅም። እኔና ያደታ በረዶ ሣጥን ተሸክመን ወደ አንድ መድኃኒት ቤት ፍሪጅ በባጃጅ ሦስት ጊዜ ተመላለስን። ዶክተሩ ከኋላ «ቀስ! ቀስ! ሕይወት ነው የያዛችሁት!» እያሉ ይጮሃሉ።

ሕይወት!

ያደታ የላብራቶሪ ባልደረባዬ ነው፤ አብረን ነው የጀመርነው። ባጃጅ ውስጥ ሣጥኑን ጭኑ ላይ አስቀምጦ «ሃያ ሦስትም እዚህ ውስጥ ናት?» አለኝ።

«አዎ።»

«ሰውዬው ለናሙናዋ ብልቃጥ ይሮጣል፣ ለእሷ አይሮጥም» ብዬም ጨመርኩለት።

«ስምና ቁጥር የሚያገናኘው ዝርዝር ያለው ማን ጋ ነው?» አለኝ።

«እኔ ጋ። መሳቢያዬ ውስጥ። ተቆልፎ።»

ሌላ ነገር አልተናገረም። እንዲህ ሲሆን ያናድደኛል። የሚለው ካለው አይልም?

መጋቢት 28

ዶክተር በርናባስ ግንቦት ላይ አዲስ አበባ ስብሰባ ላይ ያቀርባሉ። ስላይዱን እኔ እንድሠራ ታዘዝኩ። ግራፉ ላይ ሁሉም ነጥቦች ታች ተጠጋግተው ተቀምጠዋል፤ አንዷ ብቻ ላይ ወጥታ ለብቻዋ አለች።

«እሷን ቀይ አድርጊያት። ዓይን ይስባል» አሉኝ።

ቀይ አደረግኳት።

ሚያዝያ 2

ሙቀቱ አይቻልም። ዝናቡ ዘገየ። በዚህ ወቅት የጠጠር ሕመምተኛ ይበዛል፤ ሰው ያልበዋል፣ ውሃ አይጠጣም። ዛሬ አምስት አዲስ።

ከሜቲ ሁለት ጥሪ ነበር። ሥራ ላይ ስለነበርኩ አላነሣሁም።

ማታ መልሼ መደወል ነበረብኝ። ነገ።

ሚያዝያ 8

አልደወልኩም። ሰሙነ ሕማማት ነው፣ ቤተ ክርስቲያን ነበርኩ። በዓሉ ይለፍ።

ሚያዝያ 15

ሜቲ ቢሮዬ ድረስ መጣች። ከትናንት ጀምሮ እናቷ ያስመልሳቸዋል፣ ትኩሳት አላቸው፣ ሽንት ቆሟል። ሆስፒታል ተኝተዋል። «የምታውቂው ሰው ካለ እርጂኝ» አለችኝ። እንድትቆጣኝ ጠብቄ ነበር። አልተቆጣችም፤ እጄን ይዛ ለመነችኝ። ይህን መጻፍ ከብዶኛል።

ሄድኩ።

ሚያዝያ 16

ቀዶ ሐኪሙ ዶክተር ቀነአ ይባላል፤ ወጣት ነው፣ ዓይኑ በእንቅልፍ እጦት ቀልቷል። ሌሊቱን በወገባቸው በኩል ቱቦ አስገብቶ ሽንቱን አውጥቷል። በቀኝ በኩል ንጹሕ ሽንት እየወረደ ነው። በግራ መግል ነው የወጣው።

ሜቲና እኔ ኮሪደሩ ላይ ቆመን ሳለ አነጋገረን።

«የግራው የሚተርፍ አይመስለኝም። ቀኙ ሊያገግም ይችላል። ከዚህ በፊት ሽንታቸው ተመርምሮ ያውቃል?»

«ለጥናት ሰጥታ ነበር» አለች ሜቲ። «የካቲት ላይ። ውጤቱ ግን እስካሁን አልደረሰም።» ከዚያ ወደ እኔ ዞረች፣ እንደ ምስክር። «አይደል፣ ብፅዓት?»

ሁለቱም አዩኝ።

«አዎ» አልኩ። «አልደረሰም።»

ይህን ያልኩት እኔ ነኝ። ዶክተር በርናባስ እዚያ አልነበሩም። ኮሌጁም አልነበረም። ቅጹም አልነበረም። እኔ ብቻ ነበርኩ።

ክሊኒኩን ልከስ እችላለሁ፤ መርፌውን የወጉት እነሱ ናቸው። ዶክተር በርናባስን ልከስ እችላለሁ፤ ከልካዩ እሳቸው ናቸው። ይህን ደብተር ወደ ኋላ ገልጬ አነበብኩት። ሁሉም ቦታ ላይ የተናደድኩት በሌላ ሰው ነው። በሁሉም ተናድጄ፣ ለአንዷ አልነገርኩም።

ሦስተኛው ገጽ ላይ ደግሞ «ውጤት አይሰጥም» የሚለውን ዐረፍተ ነገር አላነበብኩላቸውም ነበር። በአጭሩ አለፍኩት ብዬ ነው የጻፍኩት። አላለፍኩትም፤ ዘለልኩት። ሰልፉ ረጅም ስለነበር ሳይሆን፣ ካነበብኩት «ታዲያ ለምን እሰጣለሁ?» ብለው ይሄዳሉ ብዬ ስለፈራሁ ነው። ስልሳ ሰው መሙላት ነበረብኝ።

ሚያዝያ 17

መሳቢያውን ከፈትኩ። የዝርዝሩንና የውጤቱን ቅጂ ይዤ ወደ ሆስፒታል ሄጄ ለዶክተር ቀነአ ሰጠሁት። አንብቦ ቀኑን አየ። እንደገና ቀኑን አየ።

«የካቲት 20?»

«አዎ።»

«ዛሬ ስንት ነው?»

ያውቃል እኮ። እንድናገረው ፈልጎ ነው። «ሚያዝያ 17» አልኩት።

ወረቀቱን አጠፈው። «ያኔ ባውቅ ኖሮ ኩላሊቱ ይተርፍ ነበር ብዬ ልምልልሽ አልችልም። ጠጠሩም ነበረ፣ ኢንፌክሽኑም አለ። ማስታገሻውን ግን በዚያው ቀን አስቆመው ነበር። ጠጠሩ የሽንት መተላለፊያውን ሳይዘጋም አወጣው ነበር። ይህን እምልልሻለሁ» አለኝ። ድምፁን ከፍ አላደረገም። ቢጮህብኝ ይሻለኝ ነበር።

ሚያዝያ 18

ለዶክተር በርናባስ ራሴ ነገርኳቸው። ከሌላ እስኪሰሙ አልጠበቅኩም።

በሩን ዘጉ። «ምስጢር አውጥተሻል። ይህ የሙያ ወንጀል ነው፣ ታውቂያለሽ?»

«የማን ምስጢር፣ ዶክተር? የራሳቸው ሽንት ነው።»

«ስሜታዊ አትሁኚ።»

«አሁን ነው የተናደድኩት! ሴትዮዋ አንድ ኩላሊታቸውን አጥተዋል። እርስዎ ነጥቧን ቀይ አስደርገዋል፣ እኔም ቀብቻታለሁ። ያ ነጥብ ሰው ነው። ስማቸውን ያውቁታል?»

ወደ ወረቀታቸው ዞሩ። ስማቸውን አያውቁትም። ሁለት ወር ሙሉ በሳምንት ሦስት ጊዜ ስለ እሳቸው ያወራሉ፣ ስማቸውን ግን አያውቁትም!

«ምረቃሽን እርሺው» አሉኝ።

«ሌሎቹንም ልነግራቸው ነው» አልኳቸው። ከአፌ ሲወጣ ነው እኔም የሰማሁት።

ሚያዝያ 22

ለአዴ ድርቤ መንገር ነበረብኝ። ሦስት ቀን ከሆስፒታሉ በር ተመለስኩ። ዛሬ ገባሁ።

ተቀምጠው ነበር፤ ቱቦው በጎናቸው ወርዶ ከረጢቱ ላይ ይንጠባጠባል። ሜቲ ብርቱካን ትልጥላቸዋለች። ስገባ «ነገኣ፣ ኢንተላ ኮ» ብለው ፈገግ አሉ፤ ደኅና ነሽ ማለት ነው። በሐኪሙ በኩል ስለረዳኋቸው ያመሰግኑኝ ጀመር።

አስቆምኳቸው። ቆሜ ነገርኳቸው። ውጤቱ የካቲት 20 ቀን እጄ ላይ እንደነበር፤ ሜቲ ገበያ ላይ ስትጠይቀኝ እንደዋሸሁ፤ ስልክ አለማንሣቴን፤ ሦስተኛውን ገጽ።

ሜቲ ቢላዋውን አስቀመጠች። «እጅሽን ይዤ ለመንኩሽ» አለች። ተነሥታ ወደ በሩ ሄደች።

አዴ ድርቤ ወደ እኔ ዞሩ። ከዚያ በኦሮምኛ ጀመሩ፣ ቀስ እያሉ፣ እንዲገባኝ።

«ሽንቴን ታቅፌ ነው ያመጣሁልሽ። ሰው እያየ። ሴት ልጅ ሽንቷን ታቅፋ በከተማ ትሄዳለች? አንቺ ስለጠየቅሽኝ ነው ያደረግኩት። የሌሎች ሴቶች ልጆች ይዳኑበት ብለሽኛል። እሺ አልኩ። እኔ ግን ከእነዚያ ሴቶች ውስጥ አልነበርኩም?»

 

«ይቅርታ» አልኩ።

«ይቅርታውን ለእግዚአብሔር ንገሪው፤ እሱ ጊዜ አለው። ለእኔ ወረቀት ስጪኝ። ያወቃችሁበትን ቀን ጻፊበት። ያልነገረኝን ሰው ስም ጻፊበት። በኦሮምኛ ጻፊው፣ ልጄ ታንብብልኝ። እዚህ ሆስፒታል ይቀመጣል፣ ኮሌጃችሁም ይሄዳል።»

እዚያው አልጋው ጫፍ ላይ ጻፍኩት። ኦሮምኛዬ የገበያ ነው፣ ፊደሉን ተሳሳትኩ። በር ላይ የቆመችው ሜቲ ተመልሳ መጥታ በቀይ እስክሪብቶ እንደ ተማሪ ደብተር አረመችው። ከዚያ እንደገና አስገለበጠችኝ። ከታች ሁለት ስም አለ። የመጀመሪያው የእኔ ነው።

ግንቦት 4

ኮሌጁ ከሥራ አገደኝ። ጥናቱም እስኪጣራ ቆሟል። ዶክተር በርናባስ አዲስ አበባ አልሄዱም። ደስ ይለኛል ብዬ ነበር፤ አልተደሰትኩም። በስልክ «የዘጠኝ ወር ድካም ገደል ከተትሽ» አሉኝ። ድካሙ የእኔም ነበር። ጥናቱም እውነት ነበር! ፕሮቲኑ፣ ጉዳቱ፣ ሁሉም የገመትነው ልክ ነበር። ይህ ነው ይበልጥ የሚያናድደኝ። ትክክል ነበርን፣ ትክክል መሆናችንን ደግሞ ቆልፈን አስቀመጥነው።

እማዬ ዛሬ ሁሉንም ሰማች። ለመጀመሪያ ጊዜ እስከ መጨረሻው ነገርኳት። «እኔ እኮ ያኔውኑ የነገርሻት መስሎኝ» አለች።  ሳህኔን አንሥታ አጠበችው።

ግንቦት 9

ያደታ ዝርዝሩን ከእኔ ጋር ቁጭ ብሎ አየው። እሱም ሊታገድ ይችላል፤ ነግሬዋለሁ። «አውቃለሁ» አለኝ። ከስልሳው ሰዎች ውስጥ ፕሮቲናቸው ከልክ ያለፈ ሌሎች ሰባት አሉ። ዶክተር ቀነአ ሰባቱንም አያቸዋለሁ ብሏል። አዴ ድርቤ ከሆስፒታል ወጥተዋል፤ የቀኙ ኩላሊት እየሠራ ነው፣ የግራው አልተረፈም። ሜቲ አታናግረኝም። በስልክ መልእክት ግን በትክክለኛ ኦሮምኛ የተጻፈ አንድ ገጽ ላከችልኝ፤ ሕመምተኞቹን በስልክ ስነግራቸው የማነበው። ሰላምታ የለውም።

ግንቦት 12

ስድስቱን አገኘኋቸው። ሁለቱ አለቀሱ። አንዱ ሰደበኝ፣ እናቴን ጨምሮ። አንዷ «ሐኪሜ ነግሮኝ ነበር» አለችና ደስ አለኝ። ሁለቱ ነገ ይመጣሉ።

ሰባተኛው ከኪራሙ ናቸው። ከመንደራቸው ተፈናቅለው እዚህ ዘመድ ቤት ሳሉ ነበር ናሙና የሰጡን። አቶ ገቢሳ። ስልካቸው ሦስት ቀን ሙሉ አልሠራም። ዛሬ ከሰዓት በኋላ አነሡት። ነፋስ አለ፣ ድምፃቸው ይቆራረጣል፤ ወደ መሬታቸው ተመልሰው እያረሱ ነው።

ሜቲ የላከችውን ገጽ አነበብኩላቸው። በሬዎቹን ለማቆም ጮኹ።

«ይህን ነገር መቼ አወቃችሁት?» አሉኝ።

ገጹ ላይ ለዚህ የተጻፈ መልስ አልነበረም።

«መጋቢት 2 ቀን» አልኳቸው። «ያወቅሁት እኔ ነኝ። ስሜ ብፅዓት ተረፈ ነው። ልነግርዎ ይገባኝ ነበር፣ አልነገርኩዎትም። መኪና ሲያገኙ ወዲያው ይምጡ፤ መናኸሪያው በር ላይ ቆሜ እጠብቅዎታለሁ።»

 «መንገዱ ክፍት ከሆነ ዓርብ» አሉኝና ስልኩ ተቋረጠ።

ዓርብ ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ጀምሮ እዚያ ነኝ።